ዱንጉዛ ላይ ያረፈ አበባ

ጨርቅ ላይ ያለ አበባ የማን ነው? እውነተኛውን አበባ ያበቀለው እግዚአብሔር መሆኑን አምናለሁ፤ ሰው በእጁ የሚሠራው ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነው። ታዲያ ከተቀዳው ላይ መልሶ መቅዳት መቼ ሌብነት ይሆናል? መቼስ ውርስ ይሆናል? ሶዶ ከተማ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ፣ ጥልፍ እየጠለፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ይህን ጥያቄ ያመጣብኝም የሠርግ ልብስ ነው።

የአጎቴ የልጅ ልጅ ልታገባ ነበር። ለመልስ የምትለብሰውን፣ ዱንጉዛ ከምንለው የወላይታ ሽመና የሚሰፋ ቀሚስ ልታሠራ መጥታ ስልኳን ከፈተችና አንድ ሥዕል አሳየችኝ። ነጭ መደብ ያለው የድሮ የሕንድ ጨርቅ ነው። ከታች ትንሽ ጉብታ አለ፤ ከጉብታው ላይ አንድ ዛፍ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ትልልቅ አበቦች ተከፍተዋል። ማታ ማታ ዚ ዓለም ላይ የሕንድ ድራማ በአማርኛ የምታይ ልጅ ናትና አበባው ለዓይኗ እንግዳ አይደለም። "አክስቴ፣ ይህን ከቀሚሱ ጠርዝ ላይ አውጪልኝ" አለችኝ። አያቷ፣ አጎቴ፣ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር።

"ልጄ፣ ዱንጉዛ አበባ የለውም" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ የሸማኔ ልጅ ነሽ፤ ታውቂዋለሽ። አባቶቻችን አበባ አይተው የማያውቁ ሆነው ነው እንዴ የተዉት?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዱንጉዛ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ነው። መስመር አለው፤ ጥርስ ጥርስ የሚመስል ጥለት አለው፤ አበባ ግን የለውም። መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲከበር ሶዶ ከዳር እስከ ዳር በእነዚህ ሦስት ቀለሞች ትሞላለች። ከሩቅ ዳሞታ ተራራ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሕዝቡ አንድ ልብስ የለበሰ ይመስለዋል።

የአጎቴን ቃል በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም፤ ከኋላው ያለውን ስለማውቅ ነው። ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ተሸንፈው ሲማረኩ ወላይታ መንግሥቱን አጣ፤ ከዚያም ራሱን በማይጠራበት ስም እየተጠራ ለረጅም ዘመን ኖረ። በአጎቴ ወጣትነት ዱንጉዛ ለብሶ መሥሪያ ቤት መግባት የሚታሰብ ነገር አልነበረም። እኔም የደረስኩበት ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች በማዳቀል የተዘጋጀ፣ "ወጋጎዳ" የተባለ መማሪያ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ሲመጣ ሶዶ ተነሣች። ሰው ሞተ፤ ሰው ታሰረ፤ መጽሐፉም ቀረ። ብዙ ሳይቆይ ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። አጎቴ ስለ መቀላቀል ሲወራ የሚታያቸው ያ መጽሐፍ ነው። እናም ዱንጉዛ ላይ የሌላ አገር አበባ ይውጣ ሲባል፣ በስንት መከራ የተመለሰ ነገር እንደገና ከእጃቸው ሊወሰድ የመጣ መሰላቸው። ይህን ፍርሃት የሚያቃልል ሰው ታሪካችንን አያውቅም።

ሆኖም የልጅቷን ጥያቄ እንዲሁ በፍርሃት ብቻ መመለስ ለእኔ በቂ አልሆነም። መጀመሪያ "የሕንድ አበባ" የምንለው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ ማየት ነበረብኝ።

በ1620 እ.ኤ.አ. የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር በጸደይ ወራት ካሽሚርን ጎበኘ። ሠዓሊው መንሱር በዚያ ከመቶ በላይ አበቦችን እንደሣለ ንጉሡ በማስታወሻው ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የሕንድ ቤተ መንግሥት በአበባ ተሞላ፤ አበባው ከወረቀት ወደ እብነ በረድ፣ ከእብነ በረድ ወደ ካሽሚር ፎጣና ወደ ሐር ልብስ ተሻገረ። ግን እነዚያ ሠዓሊዎች አንዱን አበባ ለብቻው አቁሞ፣ ቅጠሉን ግራና ቀኝ ዘርግቶ መሣልን በከፊል የተማሩት አውሮፓውያን ይዘዋቸው ከመጡ የዕፀዋት መጻሕፍት ነው። ከዚያ በፊትም የፋርስ እጅ ነበረበት። ልጅቷ ያሳየችኝ ዛፍ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ድብልቅ ነው። ጉብታው የፋርስና የቻይና ሥዕል ነው፤ አበቦቹ በየትኛውም አገር አፈር ላይ በቅለው አያውቁም። የእንግሊዝና የሆላንድ ነጋዴዎች ደንበኞቻቸው የሚወዱትን ንድፍ ወደ ሕንድ ይልካሉ፤ በኮሮማንዴል ዳርቻ ያሉ የጨርቅ ሠዓሊዎች ደግሞ ንድፉን በእጃቸው ልማድ ይለውጡታል፤ ከዚህ መመላለስ ያ ዛፍ ወጣ። ማንም ብቻውን አልፈጠረውም።

የሚደንቀኝ ግን ሌላ ዛፍ ነው። በጉጃራት፣ አሕመዳባድ ከተማ ውስጥ በ1573 እ.ኤ.አ. ገደማ ያለቀ አንድ መስጊድ አለ። መስኮቶቹ ከድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው። በአንደኛው ላይ ቅርንጫፎቹ እንደ ክር የተጠላለፉ ዛፍ ተቀርጿል፤ ድንጋይ ነው ብሎ ለማመን ይቸግራል። ዛሬ ያ ዛፍ የከተማይቱ መታወቂያ ሆኗል፤ ንድፉም በየዕቃው ላይ ይታተማል። መስጊዱን ያሠራው ሲዲ ሰይድ ሐበሻ ነበር። በዚያው ዘመን በደቡባዊ ሕንድ በደካን ግዛት ላይ እንደ ንጉሥ ያዘዘው ማሊክ አምባርም ሐበሻ ነው፤ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በ1626 እ.ኤ.አ. ሲሞት የሙጋልን ጦር ለዓመታት ያስጨነቀ የጦር መሪ ነበር። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች የትውልድ ቦታው ከምባታ ነው ይላሉ። ከምባታ ከእኛ በስተሰሜን ያለ ጎረቤታችን ነው፤ የገበያ ቀን ሰዎቻቸው እኛ ዘንድ፣ የእኛም እነሱ ዘንድ ይውላሉ። ማሊክ አምባር የቆረቆራት ከተማ በኋላ አውራንጋባድ ተብላ ጥጥና ሐር አብሮ በሚሸመንበት አበባማ ጨርቅ ስሟ ገነነ። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ "ልጆቻችን ተሽጠው ሄደው እዚያም ሠሩ በይኛ" አሉ። ከንግግራችን ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው።

ወደ እኛ የመጣውም ትንሽ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈ የባሕር ንግድ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ዕቃዎች መካከል የሕንድን የጥጥ ጨርቅ ያነሣል። በሁለተኛው የጎንደር የአሣሣል ስልት በተሠሩ ሥዕሎች ላይ እመቤታችንና ቅዱሳኑ የሚለብሱት ልብስ ከባሕር ማዶ የመጡትን አበባማ ጨርቆች የሚመስል ነው። የብራና መጻሕፍትን ነገር ደግሞ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ደጓሹ የእንጨቱን ገበታ በቆዳ ሲያለብስ ቆዳው ወደ ውስጥ ይታጠፍና መሐል ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። ያችን ቦታ በጨርቅ ቁራጭ ይሸፍናታል። ከእነዚህ ቁራጮች መካከል ከሕንድ የመጡ አበባማ ቺቶች ይገኛሉ። መጽሐፉ ሲዘጋ ማንም አያየውም፤ ሲከፈት ደግሞ ከመጀመሪያው የጸሎት ቃል በፊት ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ያ ደጓሽ አበባው ከየት አገር እንደመጣ ሳያውቅ አይቀርም፤ ከነጋዴ በውድ ዋጋ የገዛው ራሱ ወይም ጌታው ይሆናል። ለእግዚአብሔር ቃል ይገባል ብሎ ግን አኖረው።

እኔ የቃለ ሕይወት ልጅ ነኝ። ያደግሁበት ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ አበባም ሥዕልም አልነበረም፤ ውበታችን መዝሙር ነበር። ጎረቤቴ ደግሞ የኦርቶዶክስ ቄስ ናቸው፤ ካባ ሲያረጅባቸው ወደ እኔ ያመጡታል፤ "እጅሽ ንጹሕ ነው" ይሉኛል። አንድ ጊዜ ያመጡት ካባ ገበሩ ተበልቶ ነበር። ስተረትረው ከሥሩ ሌላ ገበር ወጣ፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ትንንሽ ቀይ አበቦች የተበተኑበት ቺት። አንዲት እናት ለደብሩ የሰጡት ቀሚስ ሳይሆን አይቀርም። ቄሱ አዩትና "እሱን እንዳትጥዪው፣ መልሰሽ ስፊው" አሉኝ። መልሼ ሰፋሁት። ስሰፋም ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ስብከት ትዝ አለኝ፤ በላይ በሰማይ፣ በታችም በምድር ያለውን የማንኛውንም ነገር ምስል ስለ ማድረግ የተሰጠውን ትእዛዝ ማለቴ ነው።

ያ ትእዛዝ ያለበት የዘፀአት መጽሐፍ ራሱ መቅረዙ የለውዝ አበባ ቅርጽ እንዲኖረው፣ የካህኑ ልብስ ዘርፍ ላይ ሮማን እንዲሰቀል ያዝዛል። ባስልኤል የተባለ ሰው በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞልቶ የጥልፍና የሽመና ጥበብ ተሰጥቶታል። ትእዛዙና አበባው እንዴት አብረው ይሄዳሉ? ለእኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው፦ የተከለከለው የሠራኸውን ነገር ጌታ አድርገህ መስገድ ነው። አበባ በጨርቅ ላይ ሲወጣ ግን ሰው ፈጣሪነቱን አይናገርም፤ የፈጣሪን ሥራ እንዳየ ይመሰክራል። ደግሞ ያ ድንኳን የተሠራበት ወርቅና ጨርቅ ከየት መጣ? እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ከግብፃውያን የብርና የወርቅ ዕቃ፣ ልብስም ጠይቀው ይዘው ወጥተዋል። ሰሎሞን መቅደሱን ሲያሠራ በሐምራዊና በሰማያዊ ክር፣ በጥሩ በፍታም መሥራት የሚችል ሰው ያስመጣው ከጢሮስ ነው፤ አባቱ የጢሮስ ሰው፣ እናቱ ከእስራኤል የሆነች። የአዕማዱን የሱፍ አበባ የሠራው ከሁለት ሕዝብ የተወለደ ሰው ነው። እግዚአብሔር ቤቱን ያስጌጠው በተዋስነው ነገር መሆኑን ሳስብ "የእኛ ብቻ" የሚለው ቃል በአፌ ላይ ይከብደኛል።

እዚህ ላይ ማቆም ቀላል ነበር። ሁሉም ተዋሰ፣ ሁሉም ሰጠ፣ ስለዚህ ማንም የፈለገውን ይውሰድ ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን አልልም፤ ምክንያቴም ከዚያው ከሕንድ አበባ ታሪክ የመጣ ነው።

የሕንድ ቺት አውሮፓን ያሳበደው ቀለሙ ታጥቦ ስለማይለቅ ነበር። ፈረንሳይ የራሷን ጨርቅ ሠሪዎች ለመከላከል በ1686 እ.ኤ.አ. ከለከለችው፤ እንግሊዝም ቆይታ ከለከለች፤ ሰው ግን መልበሱን አልተወም። በ1742 እ.ኤ.አ. ኬርዱ የተባለ ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ በደቡብ ሕንድ ሆኖ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ጨርቁ በጎሽ ወተት እንዴት እንደሚነከር፣ ቀዩ ቀለም ክሩን እንዲይዝ በቅድሚያ ምን እንደሚቀባ፣ ሰማያዊ እንዳይነካው የሚፈለገው ቦታ በሰም እንዴት እንደሚሸፈን ደረጃ በደረጃ አስቀመጠ። ይህን የነገሩት እሱ ያጠመቃቸው የእጅ ሥራ ሰዎች ናቸው። ደብዳቤው ታተመ። ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከቬርሳይ አጠገብ ዡዊ በምትባል መንደር ትልቅ የማተሚያ ፋብሪካ ተከፈተ። በሚቀጥለው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ማሽን ያተመው ጨርቅ ሕንድን አጥለቀለቀ፤ አበባውን የወለዱት እጆች ሥራ ፈቱ። ቄሱ ክፉ ሰው ነበር አልልም። ለልጆቹ ሃይማኖት ሰጠ፤ የልጆቹን እንጀራ ግን ለማያውቁት ሰው አሳልፎ ሰጠ። ሰው የነፍስ አባቱን አምኖ የነገረው ነገር በገበያ ሲሸጥ ይሰቀጥጠኛል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ተቀየረ። አበባው የማን ነው ከማለት ይልቅ፣ ይህን አበባ ስወስድ ለማን ምን ዕዳ አለብኝ ማለት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዕዳ ለፈጣሪ ነው፤ እሱ በምስጋና ይከፈላል። ሁለተኛው ለእጅ ነው፤ እሱ በምስጋና ብቻ አይከፈልም። ገበያችን ውስጥ በማሽን የታተመ የዱንጉዛ መልክ ያለው ጨርቅ ይሸጣል። የሚገዛውን ድሃ አልወቅስም፤ ልጁን ለጊፋታ ማልበስ ይፈልጋል። ግን በዚያ ጨርቅ ውስጥ ድርና ማጉን ያገናኘ የወላይታ ሸማኔ የለም፤ ልቃቂቱን የፈተለች እናት የለችም። ቀለሙ ትክክል ነው፤ አበባም የለበትም፤ አጎቴ እንዳሉት ንጹሕ ዱንጉዛ ይመስላል። እኔ ግን እሱን ነው ባዕድ የምለው። ይህን ስናገር አጎቴ በመጀመሪያ አልተስማሙም፤ ቆይተው የገዛ ወንድማቸውን አባቴን አነሡ። ከብዙ ዘመን በፊት፣ ሸማኔ በየአገሩ ሲናቅ፣ አባቴ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ከንጋት እስከ ምሽት መወርወሪያ ሲወረውር ያስታውሱታል።

የሕንድ ሸማኔም እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ነው የሚሸምነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ልጅቷ ያሳየችኝን ሥዕል ወስጄ ወደ አንድ ሸማኔ ሄድኩ። በእኔ መርፌ አበባውን ዱንጉዛ ላይ መጥለፍ ይቻል ነበር፤ መርፌ የፈለገችው ቦታ ትዞራለች፤ አበባውም እንደ መጣ፣ ሳይለወጥ ይቀመጥ ነበር። ይህን አልፈለግሁም። ከላይ የተለጠፈ ነገር፣ እንደ ወጋጎዳ መጽሐፍ፣ ተጭኖ የመጣ ነው። አበባው በሸማ ዕቃው ውስጥ ማለፍ አለበት አልኩ።

እዚያ የሆነውን ማየት ነበረባችሁ። መወርወሪያ ክብ አያውቅም። ማጉ ወደ ጎን፣ ድሩ ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ በመካከላቸው መጠምዘዝ የለም። ሸማኔው ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየና የተጠማዘዘውን ግንድ በደረጃ አወጣው፤ ጥቂት ድር ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ አንድ ማግ ይጨምራል፣ እንደገና ወደ ቀኝ። የአበባው ቅጠል ዳር ጥርስ አወጣ። ጥርሱ ደግሞ ከድሮው የዱንጉዛ ጥርስ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም የተወለዱት ከአንድ ዕቃ ነው። አባቶቻችን ለምን አበባ ተዉ ለሚለው የአጎቴ ጥያቄ መልሱ ያኔ ገባኝ፤ አልተዉትም፤ ዕቃው የሚፈቅደውን መልክ ይዘው ነው ጥለታቸውን ያወጡት። ነጩ መደብ ቀረ። ከስልኩ ላይ የነበረው ሮዝና ሰማያዊም ቀረ። የተረፉት ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ብቻ ናቸው። ሸማኔው ሁለት አበቦችን ጨርሶ ጣላቸው፤ "እነዚህ እምቢ አሉ" አለኝ፤ በምትካቸው ራሱ ያሰበውን አንድ ቅጠል አስገባ። የእንሰት ቅጠል እንደሆነ ያወቅሁት ከነገረኝ በኋላ ነው።

አጎቴ መጥተው አዩት። እጃቸውን ጥለቱ ላይ አሳልፈው ከጀርባው ገለበጡት፤ የሸማኔ ወንድም ናቸውና የት እንደሚታይ ያውቃሉ። የእኛ ነው አላሉም፤ የእኛ አይደለምም አላሉም። ሸማኔውን "ስንት ቀን ፈጀብህ?" ብለው ጠየቁት። ነገራቸው። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው ለዚህ ሰው ምን ያህል እንደምትከፍል ጠየቋት፤ የነገረቻቸው ዋጋ አነሰባቸውና ከኪሳቸው ጨመሩበት።

አሁን ወጣቶች ዱንጉዛን በወላይታ ስም እናስመዝግብ ይላሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ ከማሽን የሚያድን ከሆነ ደስ ይለኛል። ግን ዶርዜ ላይ ያለው የጋሞ ሸማኔም ዱንጉዛ ይሸምናል፤ እሱም ከአባቱ ነው የወረሰው፤ ወረቀቱ እሱንና እኛን ከሳሽና ተከሳሽ የሚያደርገን ከሆነ አልፈርምም። መዝገብ የሚከፈት ከሆነ በሕዝብ ስም ከመጻፉ በፊት የሸማኔዎቹ ስም ይጻፍበት፤ ማን ምን ጥለት እንዳወጣ፣ ከማን እንደተማረ፣ ምን እንደጨመረበት። ከቀሚሱ በኋላ አንዲት ሌላ ሙሽራ ያንኑ አበባ ፈልጋ ወደ እኔ መጣች። ልኬቷን ወሰድኩና ስለ ጥለቱ ግን ወደ ሸማኔው ላክኋት፤ ዋጋውን የተነጋገረችው ከእሱ ጋር ነው።